የቀረችው አንዲት ቁልፍ

ልጆቼ፣ ማመን የፈለገ ይመን፣ ያላመነኝንም አልቀየመውም። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን፣ በእጄ የሆነውን ነው የምነግራችሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

የጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

ከቀኑ ነው ያልኳችሁ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ በስልክ ይጨቃጨቃል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ትጎትታለች።

የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ጨለማ የሚወድ ይመስለኝ ነበር።

የእኔ ግን በፀሐይ መጣ...

ይህን የምጽፈው በእስክሪብቶ ነው። ወረቀቱን ለሥራ ባልደረባዬ እሰጣታለሁ፣ እሷ በስልኳ ጽፋ ቻናሉ ላይ ታወጣላችኋለች። እኔ ኪቦርድ ከነካሁ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

የምሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ የቀጠሩኝም የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው።

ድሮ ካርዱ ሁሉ ወረቀት ነበር። በሽተኛ ሲመጣ ካርዱን ከመደርደሪያ አወጣለታለሁ፣ ሲሄድ እመልሰዋለሁ። ሰው ሲሞት ደግሞ ካርዱን በነጭ ክር አስሬ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መዝጋት እንለዋለን።

ክሩን ሦስት ጊዜ ነበር የማዞረው። አንድም ሰው አላዘዘኝም። እጄ ለመደውና ቀረ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ።

እህቴ ስትሞት የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ትታ ነበር። እኔ አሳደግኳት። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። በዚህ ምድር ላይ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ድምቢጥ አልኳት። አድጋም፣ ተምራም፣ ለእኔ ድምቢጥ እንደሆነች ቀረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትውለው ካርድ ክፍል ነበር። መደርደሪያ ሥር ቁጭ ብላ ክር ታቀብለኛለች። "ጋሼ፣ ለምን ሦስቴ ታዞረዋለህ?" ትለኛለች። "እንዳይፈታ" እላታለሁ።

ድምቢጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፊ ሆነች። እዚያው ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ሰጧት። ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሲስተሙን የምትጠግነው እሷ ሆነች። ሲስተሙ ድረ ገጽ ነው፤ ስምና የይለፍ ቃል ያለው ሰው ከየትም ይከፍተዋል።

ችግሩ የእኔ እጅ ነበር።

ማውዝ የምትሉትን ነገር ስጎትት ስውል አንጓዬ ማበጥ ጀመረ። ድምቢጥ አንድ ቀን ወርዳ አየችው። አሸችልኝ። ፊቷ ተቆጣ።

"ጋሼ፣ ማውዙን ተወው። በኪቦርድ ብቻ እንድትሠራ አደርግልሃለሁ።"

"እንዴት ተደርጎ?"

"በፊደል ነዋ። 'መ'ን ትጫንና ትለቃለህ። ቀጥለህ 'ከ'ን ትጫናለህ። መዝገብ ክፈት ማለት ነው። ካርዱ ብቅ ይላል።"

"ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ?"

"አይ፣ ተራ በተራ። በር ስታንኳኳ ሁለት እጅህን አትጠቀምም አይደል? እንደዚያ በለው።"

"ለመዝጋትስ?"

ሦስት ጣቶቿን አነሳች።

"መ፣ ዘ፣ ዘ። ሦስት ናቸው። መዝጋት በስህተት መሆን የለበትማ። ደግሞ... ክርህ ትዝ ብሎኝ ነው።"

ዓይኔ እንባ አቀረረ። መነጽሬን የማጸዳ መሰልኩ።

ግን ጣቴ ቀርፋፋ ነው ልጆቼ። 'መ'ን ተጭኜ 'ከ' የት እንዳለች እስካገኛት ሲስተሙ 'መ'ን ይረሳታል። እንደገና ሀ ብዬ እጀምራለሁ። እንደገና ይረሳል።

"ድምቢጥ፣ ይሄ ነገርሽ ከእኔም የባሰ ዝንጉ ነው።"

"አንድ ሰከንድ ነው የሚጠብቀው ጋሼ። ለሌላው ሰው ይበቃል።"

"በአንድ ሰከንድ እኔ መነጽሬን እንኳ አላስተካክልም።"

ከልቧ ሳቀች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ጣቶቿ እንደ ዝናብ ኪቦርዱ ላይ ወረዱ።

"በቃ፣ የጊዜ ገደቡን አነሳሁልህ። ቀን ይሁን ዓመት፣ ይጠብቅሃል።"

ቀን ይሁን ዓመት...

ስክሪኑ ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ የጥፍር ያህል ግራጫ ሳጥን አስቀመጠችልኝ። ስንት ፊደል እንደተጫንኩ ያሳየኛል። 'መ'ን ስጫን እንዲህ ይላል፦

መ …

ሦስቱ ነጥቦች "እየጠበቅኩህ ነው" ማለት ናቸው።

ያኔውኑ ልትሞክረው ፈለገች። የበሽተኛ ካርድ መዝጋት ነውር ነው ብላ የራሷን ካርድ ከፈተች፤ በሕፃንነቷ ለክትባት የወጣላትን።

"የራስሽን?" አልኳት። ደስ አላለኝም።

"ታዲያ የማንን ላድርገው? ተመልሶ ይከፈታል እኮ።"

'መ'ን ተጫነች። 'ዘ'ን ተጫነች። ከዚያ ጣቷን አየር ላይ አቁማ አየችኝ፤ በልጅነቷ ስታሾፍብኝ እንደምታየኝ።

"አየህ? ንቅንቅ አይልም። ይጠብቃል።"

መ ዘ …

በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። የድንገተኛ ክፍል ኮምፒውተር ቆሟል።

"ጋሼ፣ ኢስኬፕን ተጫንልኝ፣ ይሰረዛል!" ብላኝ ሮጠች።

ኢስኬፕ ኪቦርዱ ላይ በግራ በኩል ከላይ ጥግ ያለችው ቁልፍ ናት። እጄን ሰደድኩ። አንዱ ደግሞ በመስኮት "አባት፣ ካርዴ ጠፋ!" ብሎ ጠራኝ። ተነሳሁ። ስመለስ የሻይ ሰዓት ደርሷል። ማሽኑን ዝም ብዬ አጠፋሁት።

ያቺን ቁልፍ አልተጫንኳትም።

መስኮቱ ላይ ቁጭ ብላ ሕዝቡን የምታስተናግድ ባልደረባ አለችኝ። መስኮቴ እላታለሁ። አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ወርቅ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታወጣላችሁም እሷ ናት። ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ዞር ብላ አፈጠጠችብኝ።

"ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከበሮ ሊማሩ ነው?"

"ምን አጠፋሁ?"

"ጣትዎ ነዋ! ጠረጴዛውን ይመቱታል። ጠቅ... ጠቅ። ሁለቴ። ከዚያ ይቆማሉ። ሦስተኛውን ስጠብቅ ሆዴ ሊቆረጥ ነው። ወይ ይጨርሱት፣ ወይ ይተዉት!"

ሳቅን።

ጣቴን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የእኔ ጣት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል...

አሁን ያቺ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ መጣች።

የአንድ ግንበኛ ካርድ ከፍቼ ነበር። ከመወጣጫ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ የተኛ፣ ከነርሶቹ ጋር ሲቀላለድ የሚውል ጠንካራ ሰው። የመድኃኒቱን ዝርዝር እያነበብኩ ነበር። ሁለቱም እጆቼ ጉልበቴ ላይ ናቸው። ኪቦርዱን የነካው የለም።

ታች ጥግ ላይ ሳጥኗ በራች።

መ …

ቁልፍ ተጣብቆ ይሆናል ብዬ ጎንበስ አልኩ። ምንም የተጣበቀ የለም።

መ ዘ …

ያኔ ነው የተሰማኝ። ጉልበቴ ላይ፣ በሱሪዬ ጨርቅ ላይ... ጠቅ። ጣቴ ነው። ወርዶ ተነሳ። እኔ አላዘዝኩትም።

ካርዱ ተዘጋ።

እጄን በእጄ ጨብጬ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ሲያልፍ ስልኩ ጮኸ። የተኝቶ ታካሚዎች ነርስ ነበረች።

"ግንበኛው አረፈ። ካርዱን ዝጉት።"

"መቼ?"

"አሁን ነው። እየሳቀ ነበር እኮ ጋሼ... እየሳቀ ሳለ ቀጥ አለ።"

ሲስተሙ ግን የተዘጋበትን ሰዓት ጽፏል። ዘጠኝ ከሩብ። ሰውየው በሕይወት እያለ።

ለማንም አልተናገርኩም። የማሽን ስህተት ነው አልኩ። ሰው ሲፈራ ለራሱ የማይነግረው ውሸት የለም።

በአራተኛው ቀን ከተኝቶ ታካሚዎች አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች።

ድናለች። ሐኪሙ ፈርሞላታል፤ የምትጠብቀው መውጫ ወረቀቷን ብቻ ነው። አንገትጌዋ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ ረስታው ሆስፒታል ከርማለች።

"አባቴ፣ ቶሎ ይበሉልኛ። የሰው ሠርግ ልብስ ቆርጬ ትቼ ነው የመጣሁት። ሙሽራዋ ሳትገድለኝ!"

መስኮቴ ለሻይ ወጥታ ስለነበር እኔ ነኝ የማስተናግዳት። ካርዷን ከፈትኩ። ወረቀቱ እስኪታተም መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተደግፌ ቆምኩ።

ጠቅ።

እንጨቱ ላይ ነው።

ጠቅ።

ቀኝ እጄን በግራዬ አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። እንደ ሌባ ያዝኩት። ወደ ደረቴ ልወስደው ስል የግራ እጄ አውራ ጣት እንጨቱን ነካችው።

ጠቅ።

ስክሪኑን ላለማየት ታገልኩ። አየሁት። ተዘግቷል። ዘጠኝ ከሩብ።

"ዕድሜ ይስጥልኝ አባቴ" አለችና ወረቀቷን ወሰደች።

"እህቴ!... ቆዪ!"

ዞር ብላ ፈገግ አለች። ምን ልበላት? ምን ይባላል? እጇን አውለብልባልኝ ሄደች።

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጫማዋን ልታስር ተቀመጠች አሉ። ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ወረቀቷን ከእጇ አውጥተው መልሰው ለእኔ አመጡልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ድምቢጥን ጠራኋት። መስኮቴም ነበረች። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ደክሞሃል። እረፍት ውጣ" አለች ድምቢጥ።

"ሴትዮዋን ገደልኳት።"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል!"

"ይስማ! ገደልኳት አልኩሽ።"

መስኮቴ ያለወትሮዋ አልቀለደችም። "ጣታቸውን እኔም አይቻለሁ" አለች በሹክሹክታ።

ድምቢጥ ተነፈሰችና ወንበር ሳበች። ሲስተሙ የተጫኑትን ቁልፎች ሁሉ ከነሰዓታቸው ይመዘግባል አለችኝ። ዝርዝሩን ከፍታ ወደ ታች መውረድ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ለማጽናናት ፈገግ እያለች ነበር።

ከዚያ ፈገግታዋ ቆመ።

"እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"ቤት። ካንቺ ጋር ምሳ እየበላን።"

"ገበታው ላይ... ጣትህን መትተሃል?"

"አላውቅም።"

"እዚህ 'መ' ይላል። ባንተ ስም።"

"እሑድ እኮ ማሽኑ ጠፍቷል!"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

ቀስ ብላ የራሷን ካርድ ከፈተች። ለምን እንደከፈተችው አልጠየቅኳትም። ሁለታችንም አውቀናል።

መ ዘ …

"ጋሼ... ያን ቀን ኢስኬፕን ተጭነህልኝ ነበር?"

መነጽሬን አወለቅኩ።

"ጋሼ?"

"ሰው ጠራኝ... በመስኮት ሰው ጠራኝና..."

አልተቆጣችኝም ልጆቼ። ምነው በተቆጣችኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና "እሺ፣ ምንም አይደል" አለችኝ። በሕፃንነቷ ብርጭቆ ስትሰብር እኔ የምላትን ቃል።

ኢስኬፕን ተጫነች። ሳጥኗ ጠፋች። ትንፋሽ ወሰድን።

ተመልሳ መጣች።

እንደገና ተጫነች። እንደገና መጣች። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ከ 'ዘ' ሌላ ያለውን ፊደል ሁሉ ሞከረች፣ ትእዛዙ ይበላሽ እንደሆነ። አይበላሽም። ከዚያ የጻፈችውን ሁሉ ከሥሩ ነቅላ አጠፋችው።

"ይኸው፣ አሁን እንዲህ የሚባል ትእዛዝ ሲስተሙ ውስጥ የለም። እንዳልነበረ ነው" አለች። ገጹን አድሳ ከፈተችው።

መ ዘ …

በመጨረሻ የአንድ ሰከንድ ገደቡን መለሰችበት። ሦስታችንም ድምፅ ሳናሰማ ቆጠርን። አንድ። ሁለት። ሦስት... ስልሳ ስንደርስ መስኮቴ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

"እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ" አለች ድምቢጥ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር። "ቀን ይሁን ዓመት አልኩት... ይጠብቃል።"

"ስንት ቀረ?"

"አንድ።"

"አንድ ብቻ?"

"አንድ ብቻ ጋሼ።"

የዚያን ዕለት ሥራ ለቅቄ ወጣሁ ማለት ይቻላል። ማሽኔን ነቅለው ሽቦውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ድምቢጥን ሂጂልኝ ብዬ ለመንኳት።

"ራቂኝ። ሌላ ከተማ ሂጂ፣ ባሕር ተሻገሪ፣ ብቻ እኔ ካለሁበት ጥፊ።"

"የት ልሂድ? ድረ ገጽ ነው እኮ። የትም ይከፈታል።"

ከዚያ ከነርሶቹ ነጭ ፋሻና ቀጫጭን እንጨት አመጣች። ቤት፣ ወንበሬ ላይ አስቀምጣኝ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእንጨት ጋር አሰረቻቸው። እያንዳንዷን ሦስት ሦስት ጊዜ አዞረችባት። ቋጠሮውን እንዳልደርስበት ከአንጓዬ ሥር ቋጠረችው።

"ለምን ሦስቴ?" አልኳት፣ ልታሥቀኝ ስትሞክር ስላየሁ እኔም ላሥቃት ብዬ።

"እንዳይፈታ" አለች።

ሁለታችንም አልሳቅንም።

በማንኪያ ታበላኛለች። ፊቴን ታጥበኛለች። ስተኛ ጣቶቼን እያየች ትቀመጣለች፤ ስነቃ ደግሞ እኔ አያለሁ፣ እሷ ግን አትተኛም። "አልደከመኝም" ትላለች። ዓይኖቿ ቀልተው፣ ከንፈሯ ደርቆ። በሦስተኛው ቀን ሻይ እያቀረበችልኝ ቆማ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

በአራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ እንደዚያ ቀን ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር። ውጪ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ድምቢጥ ወንበሬ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ራሷን ክንዴ ላይ ጣለች፣ እጇን ደግሞ በፋሻ የታሰረው እጄ ላይ አሳረፈች።

"ጋሼ... ትንሽ ልተኛ።"

"ተኚ የኔ ድምቢጥ።"

"ጣትህን እያየህ ቆይ።"

"እያየሁ ነው።"

"እንዳትዘናጋ።"

"አልዘናጋም።"

"ማልልኝ።"

"በእናትሽ።"

ወዲያው ወሰዳት። ትንፋሿ ረዘመ። ስትተኛ እንደ ልጅነቷ አፏ ትንሽ ይከፈታል።

እኔ ጣቶቼን አየሁ። አሥሩንም። ነጭ ለብሰው ቀጥ ብለዋል። ዓይኔ እስኪያቃጥለኝ አልጨፈንኩም።

አንዱም አልተንቀሳቀሰም።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ትንሽ ለቀቅ አለልኝ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ዛሬ ካለፈ ነገም ያልፋል። እስክሞት እጄን ታስሬ እቀመጣለሁ። ደስ እያለኝ እቀመጣለሁ። እሷ ትኑር እንጂ...

ጠቅ።

ለስላሳ ነው። ጨርቅ ላይ ነው።

ጣቶቼን አየሁ። ቀጥ ብለዋል። አልተነቃነቁም። እምላለሁ፣ አልተነቃነቁም!

የእሷ ጣት ነው።

የድምቢጥ ሌባ ጣት... ፋሻዬ ላይ ወርዷል።

ልጆቼ፣ ያን ትእዛዝ የጻፈችው እሷ ናት። ስትሠራው ስንት ጊዜ ሞክራዋለች? መቶ ጊዜ? ሺህ ጊዜ? መ፣ ዘ፣ ዘ። መ፣ ዘ፣ ዘ። ከእኔ እጅ በፊት የእሷ እጅ ነው የለመደው። አራት ቀን ሙሉ የእኔን ጣት ጠበቅን።

የእሷን ያየው ሰው የለም።

ጣቷ ወረደ። አልተነሳም።

"ድምቢጥ" አልኳት ቀስ ብዬ፣ እንዳላስደነግጣት።

"ድምቢጥዬ..."

ትንፋሿ አልተሰማኝም። ልነቀንቃት ፈለግኩ፤ ጣቶቼ ታስረዋል። ፊቷን ልዳስስ ፈለግኩ፤ ታስረዋል። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈለግኩት፤ አልደረስኩበትም። በክርኔ ገፋኋት፣ ራሷ ከክንዴ ላይ ተንሸራተተ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል።

ከቀብር በኋላ ካርድ ክፍል ሄድኩ። ካርዷን ሌላ ሰው እንዲዘጋው አልፈለግኩም። መስኮቴ ኪቦርዱ ፊት አላስቀመጠችኝም፤ የራሷን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችልኝ።

ተዘግቷል። የዘጋው ሰው ስም ይላል፤ የድምቢጥ ስም ነው። ታች ጥግ ላይ ያለችው ሳጥን ባዶ ሆናለች። ሦስቱ ነጥቦች የሉም።

ነጥቦቹ የት እንደሄዱ ልንገራችሁ።

ፋሻውን ነርሷ በመቀስ ቆርጣ ስታነሳልኝ፣ በቀኝ እጄ ጀርባ ላይ፣ የድምቢጥ ጣት ባረፈበት ቦታ፣ ሦስት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። በማስመሪያ የተለኩ ይመስል እኩል እኩል ተራርቀው። በሳሙና አሸሁ። በአልኮል አሸሁ። ሐኪሙ አይቶ "እርጅና ነው አባባ፣ አይጨነቁ" አለኝ።

እሺ አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እጄን ነው። አራት ወር ሊሞላ፣ ምንም አልተለወጠም ነበር። ሦስት ነጥብ። ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ከነጥቦቹ በፊት፣ በግራ በኩል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር አለች። ጫፏ ትንሽ ጎበጥ ብሏል...

ገና ፊደል አልሆነችም።